«ኤጅ» ሲሉኝ ዕድሜ የመሰለኝ ቀን፦ የውድድርና የስትራቴጂ እንግሊዝኛን ከመርካቶ እንዴት እንደተማርኩ

ስብሰባው ሳሪስ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ያኔ የአንድ ፓስታና ማካሮኒ ፋብሪካ የሽያጭ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ሁለት እንግዶች ከናይሮቢ መጥተዋል። የድርጅታችንን አክሲዮን ለመግዛት አስበው ሁለት ቀን ፋብሪካውን ሲያዩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ከሽያጭ ክፍል ሰው እናናግር አሉ። ሥራ አስኪያጃችን እኔን አስጠሩኝ።

አጀማመሬ ደህና ነበር። ስሜን፣ የሥራ ድርሻዬን፣ ስንት አከፋፋይ እንዳለን ተናገርኩ። ከዚያ አንደኛው እንግዳ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ቀና ብሎ «ሶ፣ ዋት ኢዝ ዩር ኤጅ?» አለኝ።

ዕድሜዬን ነው የሚጠይቀኝ? ደነገጥኩ። ኋላ ግን የድርጅቱን ዕድሜ ይሆናል ብዬ «ፎርቲን ይርስ» አልኩት። ሰውየው ትንሽ ዝም አለና «አይ ሚን፣ ኦቨር ዩር ኮምፔቲተርስ» ብሎ ጨመረልኝ። በዕድሜ ትበልጧቸዋላችሁ ወይ ማለቱ ነው ብዬ፣ ዋናው ተፎካካሪያችን ከእኛ አራት ዓመት ዘግይቶ ሥራ እንደጀመረ አስረዳሁት።

ሥራ አስኪያጃችን ጣልቃ ገቡ። ብልጫችን ስርጭታችን ነው፣ ሌሎቹ የማይደርሱባቸው ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ያሉ ሱቆች ድረስ እንገባለን ብለው በእንግሊዝኛ መለሱ። ሁለቱም እንግዶች አጎንብሰው ጻፉ።

ያ ስርጭት የእኔ ሥራ ነበር። ከሻሸመኔ እስከ ዶዶላ፣ ከወልቂጤ እስከ ሆሳዕና እየዞርኩ ሱቅ በሱቅ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ስለ ገዛ ሥራዬ ስጠየቅ ግን አፌ ተሳሰረ። ማታ ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ።

«ኤጅ» ብዬ የማውቃቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ ዕድሜ፣ ሌላው የጠረጴዛ ጠርዝ። በንግድ እንግሊዝኛ ግን ጠርዝ የሚለው ቃል ብልጫም ማለት ነው። አንተ ያለህ፣ ሌላው የሌለው። ለእኛ ጆሮ ከዕድሜው ጋር ቢመሳሰልም፣ በዕድሜው ላይ ድምፁ ይረዝማል፣ በብልጫው ላይ አጭር ነው። ይህን ልዩነት ማንም አስተምሮኝ አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። በማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። «ኮምፔቲቲቭ አድቫንቴጅ» ምንድን ነው ብትሉኝ አምስት መስመር ትርጉም ሳልሳሳት እጽፍ ነበር። ያ ግን የፈተና እንግሊዝኛ ነው። ለወረቀት እንጂ ለአፍ አልተማርነውም። ብዙዎቻችሁ እንደኔ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት አልሠራም። ስልኬ ላይ አምስት መቶ የቢዝነስ ቃላት ዝርዝር ጫንኩ። በፊደል ተራ የተደረደረ፣ ከጎኑ ትርጉሙ ያለ። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት ሸመደድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ራሴን ስፈትን አብዛኛው የለም። ቃላቱ እኔ ከምውልበት ሥራ ጋር የሚያያይዛቸው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ የማልጠቀምበት ቃል፣ በየቀኑ ከሚያስፈልገኝ ቃል ጋር እኩል ቦታ ይዟል።

መንገዱ የተከፈተልኝ መርካቶ ነው። ከድሮ ጀምሮ ከእኛ የሚወስዱ አንድ የጅምላ ነጋዴ አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ትዕዛዝ ለምን ቀነሰ ብዬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ካርቶን ላይ እንደተቀመጡ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እነዚያኞቹ ዋጋ ሰበሩባችሁ እኮ። በካርቶን 30 ብር ቀንሰው አራገፉት። ደግሞ በዱቤ ነው የሚሰጡት። ክፍለ ሀገር ያሉ ደንበኞቻችሁን እየነጠቁ ነው። ጅማ መስመር ላይ እግራቸውን ተክለዋል። ዝም ካላችኋቸው ገበያውን ይጠቀልሉታል።»

የያዝኩት የርክክብ ሰነድ ጀርባ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት። እትዬ የተናገሩት እንግዶቹ ሲያወሩት የነበረውን ነገር ነው። ውድድር፣ ዋጋ፣ የገበያ ድርሻ፣ ስትራቴጂ፣ ሁሉም አለበት። እኔ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ የጎደለኝ የእንግሊዝኛው መጠሪያ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አካሄዴን ገለበጥኩት። መጀመሪያ መርካቶ ምን ይላል? ቀጥሎ ይህንኑ እንግሊዞች ምን ይሉታል?

የእትዬን አባባል አንድ ሳምንት ሙሉ ፈተፈትኩት። ምን እንዳገኘሁ ላሳያችሁ።

«ዋጋ ሰበሩብን» የሚለው «ዘይ አንደርከት አስ» ነው። እኛ ዋጋውን እንሰብራለን፤ እንግሊዝኛው ከሥር ይቆርጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛ የሚሰበረው ዋጋው ነው፣ እኛ ደግሞ ተጎጂዎች ነን፤ «ብን» የምትለዋ ይህን ትናገራለች። በእንግሊዝኛ ግን የሚቆረጠው ተፎካካሪው ራሱ ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚለውን ቃል መጨመር አያስፈልግም። ኃላፊ ጊዜውም አይለወጥም፤ ትናንትም «አንደርከት»፣ ዛሬም «አንደርከት»። አንዱ ሲቀንስ ሌላው እየቀነሰ ከሄዱ «ፕራይስ ዋር» ይሆናል፤ እኛም የዋጋ ጦርነት እንለዋለን። ሌላውን ከገበያ ለማስወጣት ሆን ብሎ ከወጪ በታች መሸጥ ሲሆን ደግሞ «ፕሬዳተሪ ፕራይሲንግ» ይባላል። ፕሬዳተር አዳኝ አውሬ ነው። ይህኛው ክስ ያለበት ቃል ስለሆነ በስብሰባ ላይ እንዲሁ አይወረወርም።

«ደንበኛ ነጠቁን» የሚለው «ዘይ ፖችድ አወር ከስተመርስ» ነው። ቃሉ በሰው መሬት ገብቶ በስርቆት ማደንን ነው የሚያመለክተው። ለሠራተኛም ይሆናል፤ ጎበዝ የሽያጭ ሠራተኛህን በደመወዝ አባብሎ ሲወስድብህ «ፖች» አደረገብህ ነው። «በዱቤ» የሚለው «ኦን ክሬዲት» ነው፤ ከፊቱ ያለችው «ኦን» ከቃሉ ጋር ተጣብቃ መያዝ አለባት። «እግር ተከሉ» የሚለውን ሳገኝ በጣም ነው የተደሰትኩት። «ዘይ ጌይንድ ኤ ፉትሆልድ» ይሉታል። ገደል የሚወጣ ሰው መጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፍባት ቦታ ናት። ሁለቱም ቋንቋ እግርን መረጠ። «ጠቀለሉት» የሚለው ደግሞ «ዘይ ኮርነርድ ዘ ማርኬት» ነው፤ ሌላው እንዳያገኝ አድርጎ ሁሉንም መሰብሰብ። ከዚያ ቀለል ያለው «ዶሚኔት» ነው፤ ብዙውን ይዟል፣ ሌላውም ግን አለ።

ከስድስት አረፍተ ነገር ይህን ሁሉ አገኘሁ። እስካሁንም አንዱን አልረሳሁም። ምክንያቱም «አንደርከት» ስል የማየው እትዬን ነው፣ ካርቶኑን ነው፣ የጠፋውን ትዕዛዝ ነው።

ቀጥሎ የገጠመኝ ጣጣ «ተወዳዳሪ» የሚለው ቃላችን ነው። በአማርኛ ተወዳዳሪው ድርጅትም ተወዳዳሪ ነው፣ ተወዳዳሪ ዋጋም ተወዳዳሪ ነው። እንግሊዝኛው ለሁለት ይከፍለዋል። ሰውየው ወይም ድርጅቱ «ኮምፔቲተር» ነው። ዋጋው፣ ምርቱ፣ ደመወዙ ግን «ኮምፔቲቲቭ» ነው። እኔ ለአንድ ደንበኛ በኢሜይል «ዋጋችን ኮምፔቲተር ነው» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ዋጋችን ተፎካካሪ ድርጅት ነው እንደማለት ነው። ሦስተኛ ዘመድም አለ፤ «ኮምፔተንት»። ይኼ ብቃት ያለው ማለት ነው፣ ከውድድር ጋር አይገናኝም። መፍትሔዬ ቀላል ነበር። ሰውና ድርጅት ሲሆን «ተፎካካሪ»፣ ዋጋና ምርት ሲሆን «ተወዳዳሪ» እያልኩ አማርኛዬን ራሱን ለየሁት። አማርኛው ከተለየ በኋላ እንግሊዝኛው አልተምታታብኝም።

አነጋገሩም ያስቸግራል። «ኮምፒት» ሲባል ጉልበቱ መጨረሻ ላይ ነው፣ «ፒት» ላይ። «ኮምፔቲተር» እና «ኮምፔቲቲቭ» ላይ «ፔ» ይጠነክራል። «ኮምፐቲሽን» ላይ «ቲ» ነው። እኛ ሁሉንም ፊደል እኩል እንጫናለን፤ የውጭ ሰው ደግሞ ጉልበቱ የት እንዳለ ሰምቶ ነው ቃሉን የሚለየው። «ስትራቴጂክ» የምንለውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው «ስትራቲጂክ» ወደሚለው ያደላል፣ «ቲ» ላይ ይጫናል። ስሙ ላይ ግን፣ ስትራቴጂ ሲባል፣ ጉልበቱ መጀመሪያ ላይ «ስትራ» ላይ ነው። ይህን በጆሮ እንጂ በንባብ አታገኙትም። ስልካችሁ ላይ ያለ መዝገበ ቃላት ድምፅ ካለው፣ ቃሉን ሦስት ጊዜ አሰሙና ሦስት ጊዜ ተከተሉት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳፍሩን ግን ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ወደ» የምንላቸው። በአማርኛ ወደ ገበያ እንገባለን። ስለዚህ «ኢንተር ቱ ዘ ማርኬት» እንላለን። እንግሊዝኛው «ወደ»ን አይፈልግም፤ «ኢንተር ዘ ማርኬት» ብቻ ነው። ስለ ስትራቴጂ እንወያያለን፤ «ዲስከስ አባውት» እንላለን። እሱም «ስለ»ን አይፈልግም፤ «ዲስከስ ዘ ስትራቴጂ»። መወዳደር የሚለው ደግሞ ሦስት መልክ አለው፤ እኔ በአንድ ታሪክ ነው የያዝኩት። ከእነዚያኞቹ ጋር እንወዳደራለን ሲሆን «ዊዝ»። አንድ ደንበኛ ለማግኘት እንወዳደራለን ሲሆን «ፎር»። በዋጋ እንወዳደራለን ሲሆን ግን «ባይ» አይደለም፣ «ዊዝ»ም አይደለም፤ «ኦን» ነው። «ዊ ኮምፒት ዊዝ ዜም ፎር ሾፕስ፣ ኦን ፕራይስ።» ይህችን አንድ አረፍተ ነገር ልክ እንደ ጸሎት ደጋገምኳት።

እዚህ ላይ ምክሬ ጠንከር ይላል። ቃል ብቻውን አትጻፉ። ደብተሬ በግራ ገጹ የመርካቶው አባባል፣ በቀኝ ገጹ ሙሉ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ነው ያለው። «የገበያ ድርሻ» ብዬ «ማርኬት ሼር» ብቻ ከጻፍኩ ምን ላደርገው ነው? ድርሻ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይወሰዳል። ስለዚህ «ጌይን»፣ «ሉዝ»፣ «ቴክ ማርኬት ሼር ፍሮም» ብዬ ከነግሡ ነው የምጽፈው። ስትራቴጂም ብቻውን አይቆምም። «አዶፕት» (መያዝ)፣ «ፐርሱ» (መከተል)፣ «ሪቲንክ» (እንደገና ማሰብ) ከሚሉት ጋር ነው የሚሄደው።

አንዳንድ ከባድ የሚመስሉ ቃላት ደግሞ ቤታችን ውስጥ አሉ። «ኢኮኖሚስ ኦፍ ስኬል» የሚለውን በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ገጽ ሙሉ ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን እናቴ እንጀራ ስትጋግር ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚነደው እንጨት አምስት እንጀራ ቢጋገርም ሃምሳ ቢጋገርም ያው ነው። ሃምሳ ሲጋገር ለአንዱ እንጀራ የሚደርሰው የእንጨት ወጪ ያንሳል። ትልቅ ፋብሪካ ዋጋ መስበር የሚችለው ለዚህ ነው፤ ምጣዱ ስለጋለ ነው።

«ካሽ ካው» ደግሞ ሳይተረጎም የገባኝ ነው። ቴሌ የመንግሥት የምትታለብ ላም ናት ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ቃሉ የታወቀው ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ሠንጠረዥ ነው። ገበያው ብዙ የማያድግ፣ ግን ትልቅ ድርሻ ያለህና ብዙ ሳታበላት ዘወትር የምታልባት ምርት። ለእኛ ድርጅት ማካሮኒው ነው፤ ያለማስታወቂያ ይሸጣል። በዚያው ሠንጠረዥ ላይ እያደገ ባለ ገበያ ትልቅ ድርሻ ያለው ምርት «ስታር»፣ በሚያድግ ገበያ ትንሽ ድርሻ ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ያልለየለት «ኩዌስችን ማርክ» ይባላል። አዲሱ ባለ ቀለም ፓስታችን ኩዌስችን ማርክ ነበር።

ቃላቱን አንድ ላይ አስሬ የተለማመድኩት ሁላችንም በምናውቀው ታሪክ ነው፤ በቴሌኮሙ። ለእናንተም የምመክረው ይህንን ነው። ብዙ ዓመት አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፤ «ሞኖፖሊ»። ግንቦት 2013 ላይ ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ። ይህ ክፍያ ለሌላው «ባሪየር ቱ ኢንትሪ» ነው፤ ደጃፍ ላይ የቆመ ግንድ። አዲስ የገባው «ኒው ኢንትራንት»፣ ነባሩ ኢትዮ ቴሌኮም «ኢንከምበንት» ይባላል። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በአንድ ቀን አገር ምድሩ ላይ አልዘረጋም። ነሐሴ 2014 በድሬዳዋ ሙከራ ጀመረ፤ ከተማ በከተማ እየሄደ መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ከፈተ። ይህ ደረጃ በደረጃ መዘርጋት «ሮል አውት» ነው።

ነባሩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቴሌብርን በዚያው ግንቦት 2013 ጀመረ። የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው ነሐሴ 2015 ነው። በመሃል ሁለት ዓመት ከምናምን አለ። ይህ ቀድሞ የመነሳት ዕድል «ኸድ ስታርት» ይባላል፤ በስትራቴጂ ቋንቋ ደግሞ «ፈርስት ሙቨር አድቫንቴጅ»። ሰው ቴሌብርን ከለመደ በኋላ ወደ ሌላ መዞሩ ድካም አለው፤ ወዳጅ ዘመዱ፣ የሚከፍልበት ሱቅ ሁሉ እዚያ ነው። ያ ድካም «ስዊቺንግ ኮስት» ነው። ታሪኩን በሦስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ለስልኬ መቅጃ ተረኩለት። መልሼ ሰማሁት። የተንተባተብኩበትን ቦታ ለይቼ በማግስቱ ደግሜ ተረኩት። በአራተኛው ቀን ቃላቱን መፈለግ ተውኩ፤ ታሪኩ ራሱ እየጎተተ አመጣቸው።

ስለ መግዛትና መዋሃድ ደግሞ ቢራው ጥሩ ነው። በ2003 ሄኒከን የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን ገዛ፤ «አክዊዚሽን» ማለት ይኸው ነው። በ2004 የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታን ገዛ፤ በ2014 ለቢጂአይ ኢትዮጵያ ሽጦ ወጣ፤ ይህ «ኤግዚት» ነው። ሁለት ድርጅቶች ተስማምተው አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው «መርጀር» የሚባለው። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።

አንድ ነፃ መማሪያ ደግሞ አለላችሁ፤ ብዙ ሰው አስቦበት አያውቅም። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ። እያንዳንዱ ገጽ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አውርጄ መሥመር ለመሥመር እያስተያየሁ አነበብኩት። «የገበያ የበላይነት» በሚለው ትይዩ «ማርኬት ዶሚናንስ»፣ «ውህደት» በሚለው ትይዩ «መርጀር» ተቀምጧል። የሕግ እንግሊዝኛ ደረቅ ነው፤ ለወሬ አይሆንም። ለሪፖርትና ለደብዳቤ ግን ቃሉን ከነክብሩ ይሰጣችኋል። ለወሬው ቋንቋ ዜና ይሻላል። ቢቢሲ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይዘግባል። አንድን የንግድ ዜና መጀመሪያ በአማርኛ አንብቡት። ጉዳዩ ከገባችሁ በኋላ በእንግሊዝኛው ቃሉን ብቻ ነው የምትፈልጉት።

ስለ ራሳችን እንግሊዝኛም ላስጠንቅቃችሁ። እኛ አገር ብቻ የሚሠሩ ቃላት አሉ። «ፕሮፎርማ ሰብስብ» እንላለን፤ ዋጋ ከየቦታው ጠይቅ ማለታችን ነው። የውጭ ሰው ይህንን «ኮቴሽን» ወይም «ኮት» ይለዋል፤ ፕሮፎርማ ለእሱ ዕቃው ከመላኩ በፊት የሚሰጥ የሒሳብ ሰነድ ነው። «ኤክስፖርት ስታንዳርድ» ደግሞ ለእኛ ጥራቱ ከፍ ያለ ማለት ነው። ለአንድ የህንድ አቅራቢ ምርታችን ኤክስፖርት ስታንዳርድ ነው ብዬው «ዊች ስታንዳርድ?» ብሎ ጠይቆኛል። የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ነበር የሚጠብቀው። አሁን «ሃይ ኩዋሊቲ» እላለሁ፤ ምስክር ወረቀት ካለ ስሙን እጠራለሁ።

ቃሉን ስማር ሥራዬንም የተማርኩበት አንድ ጊዜ አለ። ማይክል ፖርተር የተባለ የሃርቫርድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 የውድድር አምስት ኃይሎችን ጽፏል። ካሉት ተፎካካሪዎች፣ ከአዲስ ገቢዎች፣ ከአቅራቢዎችና ከገዢዎች ጉልበት ሌላ አምስተኛው «ሰብስቲቲዩት» ነው፤ ምትክ። ምትክ የሚለውን ቃል ለመያዝ ስል የፓስታ ምትክ ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ሩዝ። ዳቦ። ለእናቶቻችን ደግሞ እንጀራ። ሁልጊዜ የማየው ሌላውን የፓስታ ፋብሪካ ነበር። በማግስቱ ሱቆች ስዞር ለመጀመሪያ ጊዜ የሩዝ ዋጋ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሪፖርቴ ላይ የሩዝ ዋጋ አለ።

ብቻዬን ግን እዚህ አልደርስም ነበር። የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ እንደኔው ትፈራ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮ አዝዘን እስኪመጣ ድረስ ባለው ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ እናወራለን ተባባልን። ርዕሱ ጠዋት ቢሮ የሆነው ነገር ነው። አንዷ እንግዳ ትሆናለች፣ አንዷ መላሽ። እሷ ሁልጊዜ የምትጀምረው በዚያች ጥያቄ ነው፤ «ሶ፣ ዋት ኢዝ ዩር ኤጅ?» መጀመሪያ ሰሞን ስሰማት ሆዴ ይረበሽ ነበር። በየቀኑ ሌላ መልስ መስጠት ነበረብኝ። ስርጭት፣ ጥራት፣ የከፋይነት ታሪካችን፣ የሾፌሮቻችን ትውውቅ። ሁለታችንም ስንሳሳት አንተራረምም ነበር፤ ሽሮው ሲመጣ ነው የምንተራረመው። እባካችሁ ይህቺን ልመዱ። በመሃል የሚያርም ሰው አፍ ያዘጋል።

ከስምንት ወር በኋላ ከእነዚያ ሁለት እንግዶች አንደኛው ተመልሶ መጣ። ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ። ባለፈው ሩብ ዓመት በጅማ መስመር ሽያጫችሁ ለምን ወረደ ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጃችን ወደ እኔ ዞሩ። ተፎካካሪያችን «አንደርከት አስ» አደረገን፣ በዱቤ እየሰጠ «ፉትሆልድ» ያዘ፣ እኛ ግን በዋጋ አንወዳደርም አልኩት። «ዊ ዶንት ኮምፒት ኦን ፕራይስ። ዊ ኮምፒት ኦን ዲሊቨሪ።» ሱቆቹ ሲያልቅባቸው በሁለት ቀን እንደምንደርስ፣ ሌላው ሳምንት እንደሚያስጠብቅ አስረዳሁ። ጻፈው።

ከዚያ አንድ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ። መርካቶ ላይ አንዳንዴ ዕቃው መጋዘን ሳይነካ ዋጋው የሚወጣው ለምንድን ነው? አፌ ላይ የመጣው «አየር በአየር» ነው። እንግሊዝኛውን ፈለግኩ፤ የለኝም። ደብተሬም ላይ የለም። ትንሽ ቆም ብዬ ባሉኝ ቃላት ነገርኩት። አንድ ነጋዴ ከፋብሪካ ይገዛል፣ ዕቃውን ሳያነሳ ለሌላው ይሸጣል፣ ያም ለሌላው፤ በየእጁ ትርፍ ይጨመርበታል፣ ካርቶኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በአማርኛ «አየር በአየር» እንለዋለን አልኩት።

«ሶ ኖባዲ ቶችስ ዘ ጉድስ» አለ።

«ኤግዛክትሊ» አልኩት።